ጥግ ላይ የቀረው ጉቶ

ደብረ ታቦር፣ ጥር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለልጄም፣ ለደጀን ጓንጉል፤

እንዴት ነህ ልጄ? ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ትተኛለህ? እኔ አክስትህ ደሳለች ከጉልበቴ በቀር ምንም አልሆንሁም። ጉልበቴም ቢሆን የሚያጉረመርመው ቁልቁለት ሲያይ ብቻ ነው። ኪዳነ ምሕረት ባለህበት ትጠብቅህ።

ዛሬ የምነግርህ አለኝና ቁጭ ብለህ አንብብ። ከቤቱ ጀርባ የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆረጠ። አዎ፣ ሁሉም። ሥሩ የማድ ቤቱን ግድግዳ ሰንጥቆ ገብቶብኝ ነበር፤ የጉድጓዱንም ውኃ ጠጥቶ የጨረሰው እሱ ነው። ነጋዴው ግንዱን በመኪና ጭኖ ሄደ፣ ጉቶው ግን ለእኔ ቀረ። ጓሮው አሁን ጥርሱ ተሰባብሮ የቀረ አፍ መስሏል።

ታዲያ ምን ላደርገው ያሰብሁ መሰለህ? የአትክልት መደብ! ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርት። ሐኪሙ ቅጠላ ቅጠል ብዪ ብሎኛል፤ ገበያ የማገኘው ደግሞ ከይፋግ ተጭኖ እስኪመጣ ጠውልጎ ኩርምት ያለ ነው። አንተ እዚያ ሆላንድ የምትሠራው አትክልት ቤት ነው ብለኸኛል። እንግዲያው ዘር ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ደሳለች


ሆላንድ፣ የካቲት 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእናትም ለአባትም ለሆኑኝ ለእትዬ ደሳለች፤

ጎንበስ ብዬ ጉልበትዎን እስማለሁ፤ የሚያጉረመርመውን በተለይ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ብርዱ ብቻ ነው።

ዛፉ ተቆረጠ ሲሉኝ ክው አልሁ። አባባ እኔ የተወለድሁ ለት የተከለውስ? ጥግ ላይ ያለው? እሱም ሄደ? ልጅ ሆኜ ስጠፋ የሚፈልጉኝ እዚያ ላይ ነበር።

ዘሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ለሰው ግን እንዳያወሩብኝ። የምሠራበት ቤት ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ቲማቲሙ ጥጥ በመሰለ ነገር ላይ ተቀምጦ ውኃውን በቱቦ ይጠጣል። አፈር የሚባል ነገር የለም። እኔ የአንቱ ልጅ፣ እዚህ አገር ስኖር ጥፍሬ ውስጥ አንድም ቀን አፈር ገብቶ አያውቅም።

ጉቶ መንቀል ግን የአንቱ ሥራ አይደለም። አፈር ስሆን፣ ዶማ እንዳይነኩ። ትንሽ ብር በሐዋላ ልኬያለሁ፣ የቀን ሠራተኛ ይቅጠሩበት። የመምጣቱን ነገር እያሰብሁበት ነው። ሥራው ስለበዛ ነው እንጂ።

ልጅዎ ደጀን


ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለደጀኔ፤

ጾሙ እንዴት ይዞሃል? መቼም እዚያ አገር ሹሮ የለም። ዘሩ ደርሶኛል፤ ወረቀቱ ላይ የተሣለውን ካሮት አይቼ ሳቅሁ። ካሮት ነው ወይስ የሰው ክንድ?

የቀን ሠራተኛ አልቀጠርሁም። ብርህን በርበሬ ገዛሁበት። እንዴት እንደ ሆነ ልንገርህ።

ሦስቱ ጎረቤቶቻችን፣ አስር አለቃ አስማማው፣ ልብስ ሰፊው ሙሄና ብዙነሽ፣ ሦስቱም የጓሯቸውን ጉቶ ለመንቀል ከእኔ እኩል ያስቡ ኖሯል። እኔ ጋ ሊጀምሩ መጡ። አስር አለቃን ታውቀዋለህ፤ ከጦር ሠራዊት በጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያዘው ሰው አጥቶ ዶሮ የሚያዝ ሰው ነው። ገና ሳይጀምር ‘እትዬ ደሳለች፣ ለአንቱስ ደቦ ይሁንልዎት። ብቻዎን ነዎት፣ የሚመልስልዎት ሰው የለም’ አለኝ።

የሚመልስልዎት የለም! ደሜ ፈላ። ‘እኔን እንደ ደካማ ሰው በደቦ ልትቆፍሩልኝ? ወንፈል ነው! ዛሬ ለእኔ የቆፈራችሁትን ነገ ደጀን ለእናንተ ይቆፍራል’ አልሁት። ብዙነሽ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ሙሄ ‘እንዲህማ ከሆነ፣ ከደጀን ላይ እኔም ጉልበት አለኝ’ ብሎ ዶማውን አነሣ። አላህ ይስጠው።

ሥራው ግን ሥራ እንዳይመስልህ። የጉቶውን ዙሪያ ትቆፍራለህ፤ መሬቱ ድንጋይ ሆኗልና ማታ ውኃ ትሞላበታለህ። ጠዋት ሥሩን በመጥረቢያ ትበጥሳለህ። ከዚያ ድጅኖ ከሥር አስገብተህ ሁሉም ተንጠላጥሎ ይፈነቅላል። አስር አለቃ ‘ተዘጋጅ! ወደ ፊት!’ እያለ ይጮኻል፤ ብዙነሽ በሳቅ ድጅኖውን ትለቃለች። ድንጋዩን ለቅመን ካብ አደረግነው። ፍግና አመድ ከአፈሩ ጋር አዋሕደን መደብ መደብ አበጀን። ጾም ስለሆነ የእስላም ሥጋ የክርስቲያን ሥጋ የሚል ነገር የለ፤ ሹሮዬን አንድ ገበታ ከበን በላን። በርበሬው ያንተ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ።

እንግዲህ ያለብህን ዕወቅ፤ የሦስቱን ሰዎች ጓሮ። አስር አለቃ ከሰኔ በፊት ይፈልጋል። የአባትህን ጉቶ ደግሞ እንዳትጠይቀኝ። ጥግ ላይ ተቀምጦ ለሦስታቸውም አልበገር አለ። እሱን ለአንተ ትቼዋለሁ።

አሁን የምጠይቅህ ዘርም ብርም አይደለም። አንተኑ ነው።

አክስትህ ደሳለች


ሆላንድ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ ደሳለች፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎት። የአስር አለቃን ነገር አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የነበረ ሰው ያበድሁ መሰለው።

ዘንድሮ ግን መምጣት አይሆንልኝም። ሥራው አይለቀኝም። ስለዚህ አሁን በሐዋላ የላክሁትን ብር ይቀበሉና ለሦስቱም በእኔ ፈንታ ጉልበተኛ ሰው ይቅጠሩላቸው። ሥራውን ከእኔ አሳምሮ ይሠራል። እጄ እንደሆነ የሕፃን እጅ ሆኗል።

እባክዎን አይቀየሙኝ።

ልጅዎ ደጀን


ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለደጀን፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ብርህን ለሙሄ ባሳየው ፊቱ ጠቆረ። ‘እትዬ፣ እኔ ለደጀን በቀን ሠራተኛነት ነው የሠራሁት?’ አለኝ። አፈርሁ። ምነው ልጄ? ወንፈል በምን እንደሚመለስ ጠፍቶህ ነው? ላብ በላብ ነው የሚመለሰው። ብሩን መልሼ ብልከው የፖስታ ቤቱ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ እዚያው ይተኛ።

ይልቅ ጉድ ልንገርህ። መደቡን ያሰመረው አስር አለቃ ነው። እንደ ገብስ ማሳ ውኃ ያጠነፍፋል ብሎ ቁልቁል ቁልቁል አሰመረው። እኛም አዋቂ ነው ብለን ዝም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ፍጌን፣ አመዴን፣ የሆላንድ ዘሬን ጠራርጎ ብዙነሽ ጓሮ አስገባው። አሁን ያንተ ካሮት እሷ ደጅ በቅሏል! ‘እኔ መቼ ዘራሁ’ እያለች ትንከተከታለች። እኛ መደቡን አፍርሰን አግድም ሠራነው፤ እንደገና ሙሉ ቀን ወገብ ማጉበጥ። አስር አለቃ እስካሁን ጥፋቱ የዝናቡ ነው ይላል።

የእሱ ጓሮ ወንፈል በዚህ ሳምንት ይወጣል። እስቲ እኔ አየዋለሁ።

ደሳለች


ሆላንድ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ ደሳለች፤

ሁለት ደብዳቤ ልኬ መልስ አጣሁ። ምን ሆኑብኝ? አኮረፉኝ? ቢያኮርፉኝም ይጻፉልኝ፣ ተሳድበው ይጻፉልኝ። ‘እኔ አየዋለሁ’ ያሏት ነገር እንቅልፍ ነሥታኛለች። ምንድን ነው የሚያዩት? ፖስታ ሣጥኑን በቀን ሁለት ጊዜ እከፍታለሁ።

ደጀን


ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለደጀኔ፣ ለሆዴ፤

ፊደሉ ቢጣመምብህ አትሳቅ። የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ለሰው እንዳላስጽፍ የእኔና ያንተን ነገር ሰው ይሰማዋል ብዬ ፈራሁ፤ ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ እንደ ተማሪ ሀ ሁ ስል ከረምሁ።

የአስር አለቃ ጓሮ ወንፈል የወጣ ለት በአጥሩ አየኋቸው። ሦስቱ ጎን ለጎን ቆመው ያንተ ቦታ ባዶ ነው። አላስችል አለኝ። መቀነቴን አጥብቄ ዶማዬን ይዤ ገባሁና ቦታህ ላይ ቆምሁ። አስር አለቃ ‘ኧረ በሥላሴ!’ ብሎ ጮኸ፤ ማን ሊሰማው። እስከ ረፋድ ደህና ሠራሁ። ከዚያ ዶማው ጉቶ መትቶ ነጠረና ጣለኝ፣ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻው ከገሳይ መጥቶ በቀርከሃ አሰረልኝ፤ አሁን ቡሃቃ ማንሣትና ብዕር መያዝ ነው እንጂ ያቃተኝ ሌላው ይሠራል። ሙሄና ብዙነሽ ጎመኔን ሲያርሙልኝ ከረሙ።

አትደንግጥ፣ አልሞትሁም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ብር አልልህም፣ ዘር አልልህም፣ ናም አልልህም። ለምን እንደማትመጣ እውነቱን ንገረኝ። ሥራ በዛ አትበለኝ።

ደሳለች


ሆላንድ፣ መስከረም 25 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእትዬ ደሳለች፤

እኔን! እኔን ይስበረኝ! ያቺ እጅ ጡት ጥዬ ያጎረሰችኝ እጅ ናት፤ አሁን በእኔ ፈንታ ተሰበረች። ደብዳቤውን ይዤ መስታወት ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

እውነቱ ይኸው። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። ከመጣሁ ጀምሮ ጉዳዬ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይንከባለላል። ከዚህ አገር ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም፤ የደከምሁበት ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። መቼ እንደሚያልቅ ጠበቃውም አያውቅ። ይፈቀድ ይከልከልም አላውቅም። እንዳላሳዝንዎት ብዬ ሥራ፣ ሥራ እያልሁ ይኸው አሰበርሁዎት።

እባክዎን ለነአስር አለቃ ይንገሩልኝ። የማልመልሰው ወንፈል ላይ ስሜ አይዋል፤ ያውጡት።

ደጀን


ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 30 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለደጀን ጓንጉል፤

አንብቤዋለሁ። ሁለት ቀን በልቼ አላደርሁም፣ አሁን ግን በልቻለሁና አትጨነቅ። የወረቀቱን ነገር አላውቅም ነበር። እንደሚከብድህ ግን አውቅ ነበር። ‘እያሰብሁበት ነው’ እያልህ ስንት ዓመት ጻፍህልኝ? ሞኝ አይደለሁም እኮ።

ስሜን ያውጡት አልኸኝ። አላወጣም! ለምን እንዳስገባሁት አሁን ልንገርህ።

ከወንፈሉ በፊት ይህ ሰፈር ስለአንተ መጠየቅ ትቶ ነበር። መጀመሪያ ‘ደጀን እንዴት ነው? መቼ ይመጣል?’ ይሉኝ ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀረ። እኔ ስመጣ ወሬ ይቀይራሉ፤ የልጅ ሐዘን ያለባት ሴት እንደሚያደርጓት። ለእኔ አዝነው ነው። ያ ሐዘናቸው ግን ገደለኝ። ልጄ በሕይወት እያለ ስሙ ሲዘለል! አስር አለቃ የሚመልስልዎት የለም ያለኝ ቀን የፈላው ደሜ የዚያ ሁሉ ነው።

አሁንስ? አስር አለቃ የአንተን ድርሻ ሳያስነካ ትቶ በየጠዋቱ በአጥር ላይ ‘ያ ሆላንዴ የት ደረሰ? ጓሮዬ ድንጋይ ሆነ!’ እያለ ይጮኻል። የእኔ መቆፈር ለአንተ እንደማይቆጠርልህም ነግሮኛል፤ ‘የደጀን የደጀን ነው’ ብሏል። ሙሄ የሱሪህን ቁጥር ጠይቆኝ አላውቅም ብለው ‘ሲመጣ እለካዋለሁ፣ መቼም ለሥራ ሱሪ ያስፈልገዋል’ አለኝ። ብዙነሽ ከጓሮዋ ድንጋያሙን ቦታ መርጣ ለአንተ አስቀምጣለች፤ ተንኮለኛ። ወረቀትህን ነገርኋቸው። ‘እንግዲያው እንጠብቃለን’ አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው ያሉት። ስምህ በየቀኑ ይጠራል፣ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ጎመኑ አምሯል። የመጀመሪያውን ቆርጬ ለሦስቱም ቤት ከደጀን ነው ብዬ ላክሁ። የአባትህ ጉቶ በክረምቱ አቆጥቁጦ ነበር፣ ቆረጥሁት። እግዚአብሔር ጉዳይህን ያቅናልህ፣ የያዙትን ልብ ያራራልህ። እኔ ደግሞ ወዴትም አልሄድም።

አክስትህ ደሳለች (በቀኝ እጄ ነው፣ ልብ በል)


ሆላንድ፣ ጥር 27 ቀን 2000 ዓ.ም.

እትዬ፣ እትዬ፣ እትዬ!

ሦስት ክረምት ሙሉ ዛሬ ነገ ስልዎት ኖሬ፣ ወረቀቱ ወጣ! በእጄ ነው ያለው፣ ደጋግሜ አየዋለሁ። ለግንቦት ትኬት ቆርጫለሁ። በግ እንዳያሳርዱ። ዶማ ብቻ ያዘጋጁልኝ፣ እጀታው ረዘም ያለ ይሁን። ለአስር አለቃ ሆላንዴ መንገድ ላይ ነው ይበሏቸው።

ደጀን


ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 15 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለደጀኔ፤

በሰላም ገባህ? ብርዱ እንዴት ተቀበለህ? እጅህ ላይ የወጣው ውኃ ቋጠሮ ፈነዳ? ቅቤ ቀባው። ስልክ ይደውሉ ትለኛለህ፣ ስልክ ላይ መጮኽ እንጂ ማውራት አልችልበትም፤ ስለዚህ ደብዳቤዬን አንብብ።

ከሄድህ ወዲህ ሰፈሩ የሚያወራው ስለአንተ ነው። ሙሄ የሰፋልህን ሱሪ አንድ ቀን ብቻ ለብሰህ ጉልበቱን ቀደድኸው እያለ ይኮራል። ብዙነሽ ‘ድንጋዩን ሲለቅም እንኳ አላማረረም፤ እንዲያውም አፈሩን አንሥቶ ሲያሸተው አየሁት’ አለችኝ። አስር አለቃ ደግሞ የቆፈርኸውን በእርምጃ ለክቶ ‘ሙሉ ነው’ ብሎ መሰከረ። ከእሱ ይህን መስማት ኒሻን ነው። ወንፈልህ ለሦስቱም ተመልሷል። ቀና ብዬ ነው የምሄደው፣ ጉልበቴን እንኳ ረስቼዋለሁ።

አንተ የሄድህ ለት ግን አበሸቅኸኝ። አውቶቡሱን ሸኝቼ፣ እያለቀስሁ ጓሮ ልገባ፣ ጥጉን ብመለከት የአባትህ ጉቶ እንዳለ ቁጭ ብሏል! ዙሪያውን ትንሽ ጭረህ ተውኸው። ‘ለጎረቤት ሁሉ ቆፍሮ የእኔን ትቶ ይሄዳል? የእኔ ነው የከበደው?’ እያልሁ ብቻዬን ስጮህ፣ አስር አለቃ በአጥር ላይ ብቅ አለ።

‘አውቆ ነው እኮ እትዬ’ አለኝ። ‘ስንት ጊዜ ልንቀልልህ ብለው፣ እሷ የእኔና የአክስቴ ናት፣ አሁን አትነካም አለኝ። ሁሉንም ጨርሶ ቢሄድ ምን ይመልሰዋል?’

ቆይቶ ነው የገባኝ። ሲገባኝ ጉቶው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ከዚያ ሳቅሁ። አንተ ተንኮለኛ! ከማን ተማርኸው?

ትናንት ሙሄ ‘ልንቀልልዎት፣ ለአንድ መደብ ይበቃል’ ብሎ ድጅኖ ይዞ መጣ። አባረርሁት። ሲያቆጠቁጥ ቅርንጫፉን ብቻ እቆርጣለሁ፣ ሌላ ማንም አይነካውም። እንግዲህ ዕወቀው፤ አሁን ወንፈል ያለብህ ለእኔ ነው። ዶማህን አጥቤ ቅቤ ቀብቼ ከበሩ ጀርባ አቁሜዋለሁ።

አክስትህ ደሳለች